እመት ገብስማና አልነሣ ያለቻት ትንሽ ኮምፒውተር

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ችኩሎች ደግሞ እጃችሁን ጭናችሁ ሥር አድርጋችሁ ተቀመጡ። ድሮ ድሮ፣ እምብዛም ሩቅ ባልሆነው ድሮ፣ እቃና እንስሳ ገና ሳይኳረፉ፣ እመት ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች።

ይህች ዶሮ እግሯን በር መትቷት በስንጥር ታስሮላት ነበር። እንቁላሎቿን ልትታቀፍ ብትሞክር ስንጥሩ አንዱን ሰበረባት። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህን አይተው፣ የቀሩትን እንቁላሎች አምፖል ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው። ሙቀቱን እያየች አምፖሉን የምታበራና የምታጠፋ፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተርም ገዙ። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተሯን ከካርቶኗ አውጥተው ሳያስጀምሯት መርዶ መጣ። እንቁላሎቹን በጋቢ ጠቅልለው፣ «ማታ ስመለስ አስጀምራታለሁ» ብለው ወደ ለቅሶው ሄዱ።

እመት ገብስማ ግን ማታን የምትጠብቅበት አንጀት አልነበራትም። ወደ ሣጥኑ ትሄዳለች፣ ጋቢውን በምንቃሯ ትገልጣለች፣ እንቁላሎቹን ትነካለች፣ ትመለሳለች። አሁንም ትሄዳለች፣ አሁንም ትገልጣለች። በገለጠችው ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ይህን ግን ማን ይንገራት?

«ልጆቼ እየቀዘቀዙብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ይህን ጊዜ አያ አይጦ ከግድግዳው ቀዳዳ ብቅ አለ። የቀዘቀዘ እንቁላል ጫጩት አይሆንም፤ ጫጩት የማይሆን እንቁላል ይጣላል፤ የተጣለ እንቁላል የማን ምሳ እንደሚሆን ደግሞ አይጦ አሳምሮ ያውቃል።

«አይ እመት ገብስማ! መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ አንቺ እዚህ ታለቅሻለሽ?» አላት። «አውጪያት! ይኸው የስልክ ቻርጀርም ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

እመት ገብስማ ካርቶኑን ቀዳ ኮምፒውተሯን ጎትታ አወጣች፤ ከሣጥኑ አምፖል፣ ከቤቱ ቴሌቪዥንና ከስልኩ ቻርጀር ጋርም አገናኘቻት። ቀይ መብራት በራ።

«አምፖሉን አብሪልኝ!» አለቻት።

«አምፖል ምንድን ነው?» አለች ኮምፒውተሯ። «አንቺስ ማነሽ? እኔስ ማነኝ?»

ከካርቶኑ ውስጥ ጥፍር የምታህለው ሚሞሪ በቀጭን ድምፅ ተጣራች። «እሷ ያለ እኔ ስሟንም አታውቅም። ሊኑክስ የሚባለው እውቀቷ የተጻፈው እኔ ላይ ነው። ሆዷ ሥር አስገቢኝ!»

እመት ገብስማ ሚሞሪዋን አስገብታ እንደገና ሰካቻት። አሁን አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ኮምፒውተሯ ተነሣች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች። እንደገና ተነሣች፣ እንደገና ወደቀች።

«ጉልበት አጣሁ» አለች። «ይህ ቻርጀር ለእኔ አይበቃም። የእኔው ካርቶኑ ውስጥ አለ።»

«እኔ? ስንቱን ስልክ ያሳደግሁ?» ብሎ የስልኩ ቻርጀር አኮረፈ።

«ቻርጀር ሁሉ ያው ነው፤ እሷ ናት ሰነፏ» አለ አያ አይጦ። «መታ መታ አድርጊያት!»

እመት ገብስማም መታቻት። ምን ዋጋ አለው፤ መምታት ጉልበት አይሆን። ጊዜው እየሄደ፣ እንቁላሎቹ እየቀዘቀዙ፣ ወፍራሙን ቻርጀር ከካርቶኑ ፈልጋ አምጥታ ሰካችው። ይህን ጊዜ ጽሑፍ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር።

«ተነሣሽ?»

«እየተነሣሁ ነው።»

«አሁንስ?»

«እየተነሣሁ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ሚሞሪዋ ላይ የምጽፈው ብዙ አለኝ። አትንኪኝ።»

በዚህ መሀል የቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። በዚያ ሰፈር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሰው ሁሉ እቃዬ ተቃጠለብኝ ብሎ ወደ ሶኬት ይሮጣል፤ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ይነቀላል። እመት ገብስማ ጫጩት ሳለች ጀምሮ ያየችው ይህንኑ ነው።

«ልትቃጠል ነው! ንቀያት!» አለ አያ አይጦ።

ነቀለቻት። ወዲያው መብራቱ ተስተካከለ። መልሳ ስትሰካት ሚሞሪዋ አለቀሰች። «ምን አደረግሽኝ? እየተጻፈብኝ ነበር እኮ፤ መሀል ላይ ቆረጥሽው!»

«ልጆቼን በገዛ ምንቃሬ ገደልኋቸው!» አለች እመት ገብስማ፤ ክንፏን እያማታች ቤቱን ዞረችው።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች ኮምፒውተሯ። «የተበላሸውን እየመረመርሁ እጠግናለሁ። ከቅድሙ ግን ይቆያል። አሁን ከነቀልሽኝ ግን አልድንም።»

ከዚያ ዝም አለች። ጽሑፉም ቆመ።

«ሞታለች» አለ አያ አይጦ። እመት ገብስማ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሣችም። «ሞታለች ስልሽ! ንቀይና እንደገና ጀምሪ!» ማባበሉ አልሆን ሲለው ጥርሱን አሹሎ ራሱ ወደ ገመዱ መጣ። እመት ገብስማ ክንፏን ዘርግታ ገመዱ ላይ ተኛችበት። እግሯ ይጠዘጥዛታል፣ ልቧ ተነሺ ተነሺ ይላታል፣ አያ አይጦ የጭራ ላባዋን ይነጫል። ፈርታለች፤ ከአይጡ ይልቅ የፈራችው የራሷን ምንቃር ነው። ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጽሑፉ እንደገና መውረድ ጀመረ። ቆይቶም አምፖሉ ቦግ አለ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከለቅሶው ሲመለሱ፣ «እንዴ! ይህችን ደግሞ ማን አስጀመራት?» አሉ። ዶሮዋን አይተውም ሳቁ። «አንቺ፣ እንቁላል ቢከለክሉሽ ገመድ ታቀፍሽ?» እመት ገብስማ ለመሳቅ አቅም አልነበራትም።

የመፈልፈያው ቀን ደረሰ። ሌሎቹ እንቁላሎች አንድ በአንድ ተፈለፈሉ፤ ዳር ላይ የነበረው ግን ዝም አለ፤ ጋቢው ሲገለጥበት የዋለው እሱ ነበር። እመት ገብስማ የማን ጥፋት እንደሆነ አውቃለች። የመጨረሻው ከውስጥ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ ጫጩቱ ግን አልወጣም። ጠቅ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ ያርፋል።

«እመት ገብስማ!» አለ አያ አይጦ ከቀዳዳው። «ታፍኖ ሊሞትብሽ ነው፤ ስበሪለት እንጂ! ምን እናት ነሽ?»

እመት ገብስማ ምንቃሯን አነሣች። ከቅርፊቱ አጠገብም አደረሰችው። ከዚያ ምንቃሯን መልሳ ክንፏ ሥር ቀበረች፤ ጠበቀችም። ጫጩቱ በራሱ ጊዜ ወጣ፤ እርጥብ ነበር፣ ቆመ።

እንግዲህ እጃችሁን ከጭናችሁ ሥር ማውጣት ትችላላችሁ። ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ ቶሎ አልነሣ ያላችሁን ሁሉ ሞቷል አትበሉ፤ እየተነሣ ይሆናል።