ዓሣው ከድንጋይ ኋላ የተደበቀበት ቀን

ጠጋ በይኝ የኔ ልጅ፤ ክረምቱ ጣራውን እየደበደበ ድምፄን ይውጠዋል። ተረቴን ላምጣው? እስቲ «አምጪው» በይኝ!

በአንድ ቤት፣ የጨው ውሃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣና መርጃን የምትባል የባሕር አበባ ይኖሩ ነበር። ዓሣው ይሉኝተኛ ነው። ያለፈ ያገደመ የቤቱ ሰው ሁሉ «በሞቴ ቅመስ!» እያለ ምግብ ሲበትንለት፣ ጠግቦም ቢሆን አንዲት ይቀምሳል፤ የተረፈው ወደ ታች ይሰጥማል። ታዲያ ከታች፣ ከትርፉ ምግብ ላይ፣ ዝልግልግ የምትባል ቀይ የውሃ ሻጋታ በቀለችና መርጃንን ሸፍና ትንፋሽ አሳጠረቻት።

ቀንድ አውጣ ተቆጣች፤ «አንቺ ዓይነ ደረቅ፣ ማን ጠራሽ?»

«እሜቴ፣ በየቀኑ ማዕድ ይወርድልኛል» አለች ዝልግልግ። «የቀረበለትን ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?»

ዓሣው ሰምቶ መርጃንን ቢያያት ገርጥታለች። በማግስቱ «በሞቴ!» ሲሉት ከድንጋይ ኋላ ተደበቀ። «ምን ሆኖብን ነው?» ብለው ጎንበስ ሲሉ ከታች የተከማቸውን ትርፍ ምግብና ቀይዋን ዝልግልግ አዩ፤ ጠርገው ውሃውን ቀየሩለት፤ ምግቡንም ቀነሱ።

ከዚያማ መርጃን ፈካች። ቀንድ አውጣ መስታወቷን ትልሳለች። ዝልግልግም አልሞተችም፤ ጥፍር የምታህል ሆና ጥግ ይዛለች። ዓሣውን ግን የቤቱ ሰዎች «ኩሩ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ያሙታል።