የውሃው መርፌ

እስቲ ንገሩኝ፤ በውሃ መርፌ የተሻለው ሰው ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት ነው?

ዶክተር ጥላዬ እንዲያ ብለው ያምኑ ነበር። እንጨት ተሸክማ የምታድር አንዲት ሴት ጉልበቷ አላራምድ ብሏት እሳቸው ዘንድ መጣች። ኪኒን ቢሰጧት «ካልተወጋሁ አልድንም» ብላ ድርቅ አለች። እሳቸውም «ይሻልሻል» ብለው ንጹሕ ውሃ ወጓት። ተሻላትና ልትመርቃቸው ተመለሰች።

ዶክተሩ ግን ሊጠይቋቸው የመጡ እንግዶቻቸውና ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ እየሰሙ፣ «የወጋሁሽ እኮ ውሃ ነው! በይ አሁን፣ አላመመኝም ነበር ብለሽ ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ውሃማ እቤቴም አለ፣ ዶክተር» አለች። «ያዳነኝ ‹ይሻልሻል› ያሉኝ ቃልዎ ነበር። መድኃኒትዎ እሱ ነበር፤ እሱንም ይኸው በሰው ፊት ደፉት።»

ይህን ጊዜ ከወረፋው አንድ ሽማግሌ፣ «የእኔስ መርፌ ምን ነበር?» ብለው ተነሡ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወደ በሩ አመሩ።

ዶክተሩ ደነገጡ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ! ቀልድ ነው ይበሏቸው እባክዎ!»

«ይህም ይቅርታ ያው ውሃ ነው፤ ሁለተኛ አልወጋም» አለች፣ እንደ ድሮዋ እያነከሰች ስትወጣ። «ይቅር አልልም። እርስዎንም፣ የሳቁትንም፣ ማንንም።»