ጭስ አላወጣ ያለው ምድጃ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንድ ኩባያ አጥሚት ላውራችሁ።

በአንድ ብርዳም የደጋ ከተማ አየነውና ብርቅነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ከቆላ የመጡ፣ ለሰፈሩ እንግዳ ናቸው። ብርቅነሽ ትናንት ሴት ልጅ ወለደች። ዛሬ ጠዋት ከአልጋዋ ሆና፣ «አየነው፣ ትኩስ አጥሚት ባገኝ አንጀቴ ይርስ ነበር» አለችው።

አየነው የብረት ምድጃው ላይ ድስት ጣደና እሳት ለኮሰ። ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ። ሕፃኗን አስነጠሳት፤ እናቲቱን አሳላት። እንጨቱን ቢያየው ደረቅ ነው። አመዱን ጠረገ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ያው ነው። ደጅ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ አፍ ላይ የከረመ የወፍ ጎጆ ተወትፏል።

ጎጆው ካልወረደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ አጥሚቱ አይፈላም። ጎጆውን ለማውረድ ደግሞ መሰላል ያስፈልጋል።

መሰላል ያለው ጎረቤታቸው አቶ ጓንጉል ነው።

«መሰላሉንስ በሰጠሁህ» አለ አቶ ጓንጉል፤ «ግን የፍየሏን ቤት መዝጊያ ደግፌበታለሁ። ካነሳሁት በግንባሯ ገፍታ ትወጣለች። ግልገሏን አጥታ ስትጮኽ ነው ያደረችው።»

«ግልገሉ የት ሄደ?»

«ጎመኔን በላ ብለው እትዬ ትርንጎ አስረውታል። እኔን አላናግር ብለዋል። እስቲ አንተ ሞክር።»

ግልገሉ ካልተፈታ ፍየሏ አትረጋም፤ ፍየሏ ካልረጋች መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ጎጆው አይወርድም፤ ጎጆው ካልወረደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ አጥሚቱ አይፈላም።

እትዬ ትርንጎ ከነአየነው ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አየነውን በራፋቸው ላይ አቆሙት።

«ጎመኑስ ይበቅላል» አሉ። «ትናንት ግን በግድግዳው በኩል የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። አንድ ሰው መጥቶ ተወለደ አላለኝም። እኔን ማን አስታወሰኝና ነው የሰው ግልገል የማስታውሰው?»

አየነው አፈረ። «እትዬ፣ ሰፈሩን ስላልለመድነው እንጂ ንቀን አይደለም። ሴት ናት። እናቷ አጥሚት አማራት። ግን እርስዎ ካልታረቁን ግልገሉ አይፈታም፤ ግልገሉ ካልተፈታ ፍየሏ አትረጋም፤ ፍየሏ ካልረጋች መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ጎጆው አይወርድም፤ ጎጆው ካልወረደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ አጥሚቱ አይፈላም። መጥተው ልጃችንን ይዩልን።»

እትዬ ትርንጎ ሳቃቸው መጣ። «ትንፋሽ ያጥርሃል፤ ቀስ በል» አሉና ነጠላቸውን ደረብ አደረጉ።

እትዬ ትርንጎ ሲታረቁ ግልገሉ ተፈታ፤ ግልገሉ ሲፈታ ፍየሏ ረጋች፤ ፍየሏ ስትረጋ መሰላሉ ተነሳ፤ መሰላሉ ሲነሳ ጎጆው ወረደ፤ ጎጆው ሲወርድ ጭሱ ወጣ፤ ጭሱ ሲወጣ እሳቱ ቦግ ብሎ ነደደ፤ እሳቱ ሲነድ አጥሚቱ ፈላ። ብርቅነሽም ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ፉት አለች፤ አንጀቷ ራሰ።

ቤቱ ሞቀ። እትዬ ትርንጎ ሕፃኗን ታቅፈው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ስሟን ማን አላችኋት?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። «ገና ነው» አለች ብርቅነሽ። «እርስዎ ቢያወጡላትስ?»

እትዬ ትርንጎ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጓት።

«ላስብበት» አሉ። «ነገ ስመጣ እነግራችኋለሁ።»