አህዮች ጋሪ መጎተት የተማሩ ሰሞን

ተረት ላወራ ነው። «የላም በረት» የምትሉ አሁኑኑ በሉና ዝም በሉ፤ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ሰው አልወድም።

እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው፣ ዕቃም ሲጠይቁት በሚመልስበት ዘመን፣ ጥላዬ የሚባል እህል ነጋዴ ሦስት አህዮች ነበሩት። ቦራ፣ መጋልና ዳለቻ ይባላሉ። ዳለቻ ትልቋ ስለሆነች ሁለቱ «እትዬ» ይሏታል። ሦስቱም ከደጋ ወደ ቆላ ገበያ ጤፍ ሲያወርዱ አረጁ። ጀርባቸው ተላጠ እንጂ አንድ ቀን ጭነት ጥለው አያውቁም።

አንድ ቀን ጥላዬ አዲስ ጋሪ ገዝቶ መጣ። አህዮቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፤

«ከእንግዲህ በጀርባ መጫን ቀረ። በየገበያው ቀን፣ በየተራችሁ፣ ጋሪውን ቁልቁለቱን ታወርዱልኛላችሁ። ያወረደ እኔ ዘንድ ይጦራል። ያላወረደውን ጫካው ዳር እተወዋለሁ።»

ጫካው ዳር ማን እንዳለ አህያ ሁሉ ያውቃል። አያ ጅቦ ነው ያለው።

ጥላዬ ግን ያን ያህል ክፉ ሰው አይደለም። ሳይማሩ አይጀምሩ ብሎ አስተማሪ አመጣላቸው። አስተማሪው ጉሬዛ ነው። ነጭ ካባውን ደርቦ ዛፍ ላይ ይቀመጣል፤ የጫካው ግልገል ሁሉ ፊደል የቆጠረው እሱ ዘንድ ነው። በዕድሜው አንድ ነገር ጎትቶ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን «ድገሙ» አለ። «ጋሪ ሁለት ጎማ አለው።»

«ጋሪ ሁለት ጎማ አለው» አሉ አህዮቹ።

«ጎማ ክብ ነው።»

«ጎማ ክብ ነው።»

እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ጎማ ክብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል።

በሁለተኛው ቀን ዳለቻ ጠየቀች። «የኔታ፣ እኛ ያንን ቁልቁለት ሃያ ዓመት ወርደነዋል። ጋሪው ከኋላችን ሲመጣብን ምን እናድርግ?»

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አለ ጉሬዛ። «አሁን ድገሚ። ጋሪ ሁለት ጎማ አለው።»

በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ደረሰ፤ ጉሬዛም «ሰዓቱ አልቋል» አለ። ፈተናቸው፤ አንድ ቃል ሳይስቱ ተወጡት። ለእያንዳንዳቸው «ሠልጥኗል» ብሎ የዋርካ ቅጠል ሰጣቸው። ቦራ ደስ ስላለው ቅጠሉን እዚያው በላው።

የገበያው ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የወጣው ቦራ ነው። ሜዳው ላይ ደህና ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ጋሪው ከኋላ ገፋ አደረገው። ቦራ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላው ሲነኩት ዱላ ነው፤ ዱላ ደግሞ «ፍጠን» ማለት ነው። ስለዚህ ሮጠ። እሱ ሲሮጥ ጋሪው ባሰበት፤ ጋሪው ሲብስበት እሱም ባሰበት፤ ከነጤፉ ፈፋ ውስጥ ገቡ። ጥላዬ ጋሪውን አስወጣ። የሚያነክሰውን ቦራን ወደ ጫካው ዳር ወሰደውና ብቻውን ተመለሰ።

ዳለቻ አለቀሰች። አህያ አታለቅስም የሚል ካለ እሷን አላያትም።

የሚቀጥለው ተራ የሷ ነው። ወደ ጉሬዛ ሄደች። «የኔታ፣ ቦራ እኮ ሁሉንም ደግሞ ነበር።»

«ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር» አለ ጉሬዛ። «እናንተ ጮክ ብላችሁ ድገሙ።»

በማግስቱ ጥላዬ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ዳለቻ መጋልን ጠራችው። «ና፣ ጋሪውን ራሱን እንጠይቀው።»

«እትዬ፣ እኔ ምን እረዳሻለሁ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?»

«ባል ሁነኝ መቼ አልኩህ? የጋሪውን ጠፍር እሰርልኝ እንጂ።»

መጋል ጠፍሩን በጥርሱ ጎትቶ አሰረላት። እሷም ጋሪውን ጠየቀችው። «አያ ጋሪ፣ ቦራን ለምን አሳደድከው?»

«እኔ አላሳደድኩትም፣ ወደቅሁበት እንጂ» አለ ጋሪው። «ቁልቁለት ላይ ራሴን መያዝ አልችልም። ይደግፈኛል ስል ሮጠብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጎማዬ ስታወሩ እዚሁ ቆሜ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ጀርባሽ ላይ ያለው ጭነት ወደ አንገትሽ ሲንሸራተት ምን ታደርጊ ነበር?»

«ወደ ኋላ ተደግፌ፣ ቂጤን ዝቅ አድርጌ፣ በትንንሽ እርምጃ እወርዳለሁ።»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። ያንኑ አድርጊ። ከኋላ ስነካሽ ዱላ ነው አትበይ፤ እኔ ነኝ።»

ከጓሮ ያለችውን ትንሽ ቁልቁለት ባዶ ጋሪ ይዛ ወረደች። ዱላ አይደለም፣ ዱላ አይደለም እያለች እግሯ ግን አልሰማት አለ፤ ሮጠች፤ አጥሩ አስቆማት። በሁለተኛው መጋል ሸክም እንዲሆን ጋሪው ላይ ወጣላት፤ እስከ ግማሽ ያዘች፣ ከዚያ አመለጣት። በሦስተኛው እስከ ታች ያዘችው። ቀጥሎ እሱ ጎተተ፣ እሷ ተቀመጠች። አህያ በጋሪ ስትሄድ የታየው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

የገበያው ቀን መጣ። አምስት ጆንያ ጤፍ ተጫነ። ከቁልቁለቱ ግርጌ አያ ጅቦ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጋሪው ገፋ አደረጋት። ዳለቻ ፈራች፤ ሆኖም ቂጧን ዝቅ አደረገች። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ጤፉ አልፈሰሰም።

«እትዬ ዳለቻ፣ ደህና ዋልሽ?» አለ አያ ጅቦ።

«እግዜር ይመስገን» ብላው አለፈች።

በሳምንቱ መጋልም ወረደ። ጥላዬ ደስ አለውና ጉሬዛን አመሰገነው። አስር ሌሎች ያረጁ አህዮችም አምጥቶ ከዛፉ ሥር አቆመለት።

«ድገሙ» አለ ጉሬዛ።

«ቆይ የኔታ» አለች ዳለቻ፤ መሀል ገብታ ቆመች። ወደ አህዮቹ ዞረች። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ። ከኋላ ሲነኳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንሮጣለን» አሉ አስሩም።

«እንግዲህ ከዚያ እንጀምር» አለቻቸው።

ተረቱ ይኸው ነው፤ ዳቦ ያለው ይቁረስልኝ፣ የሌለው ይህችን ይያዝልኝ፦ በሸክም ያረጀን ጀርባ ስለ ሸክም ከመንገርህ በፊት ጠይቀው።