ለአንዲት ጅግራ

ተረቴ አጭር ናት፤ ጅራቷ ግን ይረዝማል።

ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ አንጓች ነፍሰ ጡር ነበረችና የቀመሰችው ሁሉ አልረጋላት አለ፤ ከሳች፣ ዐይኗ ጎደጎደ። ጓንጉል ፈራ። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ግን፣ “የጅግራ መረቅ ባገኝ እጠጣ ነበር” አለችው። ነፍሰ ጡር አምሯት ዝም አይባልምና ጓንጉል ቆርጦ ተነሣ።

ጅግሮቹ የሚያድሩበትን የወንዝ ዳር ሾላ ያውቀዋል። በጥይት እንዳይመታ፣ ሳይባረክ የሞተ አይበላም። ስለዚህ ወፎቹ ለማደር ሳይመጡ ከዛፉ ሥር ወጥመድ ሊዘረጋ፣ ጎህ ሲቀድ ሲወርዱ አንዷን ሊይዝ አሰበ። ወጥመድ ደግሞ የሚገመደው ከፈረስ ጭራ ነው።

ፈረሱን ጭራ ስጠኝ አለው። ፈረስ ድሮም ለሆዱ ነው፤ ሣር ካልበላሁ አላስነጭም አለ። ጓንጉል በጉልበት ሊነጨው ቃጣና ርግጫው ትዝ ሲለው ተወው።

ሣሩን ታጨድልኝ አለው። ሣር ከሌለ ፈረሱ አይበላ፣ ፈረሱ ካልበላ ጭራ የለ፣ ጭራ ከሌለ ወጥመድ የለ፣ ወጥመድ ከሌለ ጅግራ የለ፣ ጅግራ ከሌለ አንጓች አትበላ። ሣሩ ግን በዱልዱም ማጭድ አልታጨድም አለ።

ወደ ባለእጁ ወደ ደባልቄ ሮጠ። ማጭዱ ካልሰላ ሣሩ አይታጨድ፣ ሣር ከሌለ ፈረሱ አይበላ፣ ፈረሱ ካልበላ ጭራ የለ፣ ጭራ ከሌለ ወጥመድ የለ፣ ወጥመድ ከሌለ ጅግራ የለ፣ ጅግራ ከሌለ አንጓች አትበላ። ደባልቄ ማጭዱን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ይህ እሳት ይፈልጋል፣ ከሰሌ ግን አልቋል አለ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጓንጉል ከሰል ወደምታከስለው ወደ እትዬ ይታክቱ ገሰገሰ። ከሰል ከሌለ እሳት የለ፣ እሳት ከሌለ ማጭዱ አይሰላ፣ ማጭዱ ካልሰላ ሣሩ አይታጨድ፣ ሣር ከሌለ ፈረሱ አይበላ፣ ፈረሱ ካልበላ ጭራ የለ፣ ጭራ ከሌለ ወጥመድ የለ፣ ወጥመድ ከሌለ ጅግራ የለ፣ ጅግራ ከሌለ አንጓች አትበላ።

እትዬ ይታክቱ ልጅ አልወለደችም።

“ለሰፈሩ አራስ ሁሉ ገንፎ አገንፍቻለሁ” አለች። “ክርስትና አንሺልኝ ያለኝ ግን የለም። ሴት ከሆነች እኔ ላንሳት።”

“ወንድ ቢሆንስ፣ እትዬ?”

“የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።”

ጓንጉል አፈረ፤ እስከዛሬ ማንም አላሰባትም ነበር። “አንቺው ታነሻታለሽ” አላት።

እትዬ ይታክቱ ከሰል ሰጠች፣ ከሰሉ እሳት ሆነ፣ እሳቱ ማጭዱን አሰላ፣ ማጭዱ ሣሩን አጨደ፣ ሣሩ ፈረሱን አጠገበ፣ ፈረሱ ጭራ ሰጠ፣ ጭራው ወጥመድ ሆነ። ወፎቹ ሳይመጡ ጓንጉል ዘርግቶ ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ አንዲት ወፍራም ጅግራ እግሯ ተይዞ አገኛት፤ በስመ አብ ብሎ አረዳት።

እትዬ ይታክቱ መረቁን ሠርታ አቀረበች። አንጓች ጠጣች። ጓንጉል ይመለስባታል ብሎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ አልተመለሰባትም። ይልቁንም ባዶውን ሳህን ዘረጋችና፣ “ጨምሪልኝ” አለች።

“ሴት ናት” አለች እትዬ ይታክቱ እየጨመረችላት፤ ማንም አልተከራከራትም።