ገዥው በገበያ መካከል ያለቀሰ ዕለት

አንድ ገዥ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ ይሄይስ! የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «መሪጌታ፣ ቤታቸው ላልተቃጠለ፣ የሰደድ እሳቱ ጭስ ብቻ ለደረሰባቸው ሰዎች የመንግሥት እርዳታ ይገባቸዋል ወይ?» ነው ያልኸኝ። ተማሪዬ ሳለህም ችኩል ነበርህ፤ የወረዳ ሹም ሆነህም አልተውህም። ስማ።

ይህ ገዥ የሚኖረው ተራራ ራስ ላይ ነው። ከማዶ ያለው ደን ተቃጠለና ጭሱ ወርዶ ቆላው ላይ ተኛ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነሣ አለ። ሽማግሌዎች ደረታቸው ተያዘ፤ ሕፃናት ትንፋሽ አጠራቸው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ተራራውን ወጣችና «ጌታዬ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ጭሱ እስኪነሣ እዚህ ያስጠጉን፤ ስንቅም ይስጡን» አለችው።

ገዥው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ ወዳድ ነው እንጂ። «ቤትሽ ተቃጥሏል?» አላት። «አልተቃጠለም።» «እህልሽስ?» «ደኅና ነው።» «እንግዲያ ምን ልስጥሽ? ጎተራዬ የሚከፈተው አመድ ላሳየኝ ነው!» ሌላም እንዳይመጣበት፣ ይህንኑ በገበያ ቀን ራሱ ወደ ቆላው ወርዶ ሊያውጅ ተነሣ።

አሁን ልብ በል። በዚያ አገር ልማድ፣ ገዥ በአደባባይ ያለቀሰለት አቤቱታ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ ገዥው ራሱ እንኳ ሊሽረው አይችልም።

ገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ወጣ። «ስሙ! ቤቱ ያልተቃጠለ...» ብሎ ሳይጨርስ ጭሱ ጉሮሮውን ያዘው። አሳለ፣ አሳለ፣ ተንበረከከ። ዐይኑ ቀላ፤ እንባው ወርዶ ጢሙን አራሰው። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ኧረ ጌታችን አለቀሰልን!» ብሎ ጮኸ። አቤት እልልታ! በሳልና በእልልታ መካከል ጭፈራው ቀለጠ። ገዥው «ኧረ እኔ አላለቀስኩም» ለማለት እጁን ቢያወዛውዝ፣ «እየመረቀን ነው!» ብለው ጎንበስ አሉለት።

ያቺ እናት ብቻ አልተታለለችም። ውሃ አጠጣችውና ጠጋ ብላ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ገና መድረስዎ ነው። ይህ ልጅ ግን ጭሱን ሲተነፍስ ሁለት ሳምንቱ ነው» አለችው።

ገዥው ሕፃኑን አየው፤ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አፈረ። ዕለቱን በቅሎዎቹን አስመጣ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ተራራው ወጡ። ጎተራው ተከፈተ፤ አዳራሹ በልጆች ጫጫታ ተሞላ። ያ ሕፃንም በሦስተኛው ቀን ጡቱን ጠግቦ ሳቀ። እኔስ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ይሄይስ፣ ገዥው አንተ ነህ፤ ቆላውም ያንተው ወረዳ ነው። እሳት ቤት ያቃጥላል፤ ጭስ ግን ቤቱን ትቶ ባለቤቱን ይገድላል። እዚህ ደጋ ላይ ተቀምጠህ «ይገባቸዋል ወይ?» ከምትለኝ፣ ውረድና አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍስ። ያኔም መልሱ ከጠፋህ ተመለስና ጠይቀኝ፤ መናገር ከቻልህ።