ድንጋዩን ያወረደላት ሌላ ሰው

ምእመናን፣ ዛሬ የምነግራችሁ የአንዲት ዘፋኝ ነገር ነው። ስሟን ከእኔ አትሰሙም። ስሟን ብነግራችሁ ስለ እሷ ስታወሩ ትውሉና ስለ ራሳችሁ ምንም ሳትሰሙ ትሄዳላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይህች ሴት ቴሌቪዥን ላይ ለጨዋታ ቀረበች። አዘጋጁ በክሊፖቿ ላይ የሚጨፍሩት ሁሉ ቀያዮች መሆናቸውን አንሥቶ ለምን እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ሳቅ ብላ «ካሜራ ቀይ ሰው ይወዳል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለች። በዚህ ብታበቃ ምን ነበረበት? ግን አዳራሹ ሳቀላት። ጭብጨባና ሳቅ ደግሞ ሰውን አይለቁትም፣ «ጨምር» ይሉታል። ጨመረች። «የሙዚቃ ባንዴ ውስጥ አንድ ጥቁር አለ። መብራት ሲጠፋ ‹እስኪ ሳቅ› እንለዋለን፣ ጥርሱን አይተን እንድናገኘው።» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አዘጋጁ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ።

ያ «አንድ ጥቁር» ስም አለው። ኦቻን ይባላል። የጋምቤላ ልጅ ነው፤ ድራም ይመታላታል። ገና ከሠርግ ድንኳን ሠርግ ድንኳን እየዞረች ስትዘፍን ጀምሮ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ነው። እናቷ ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሰው «ምኗ ነህ?» ሲለው «ወንድሟ» ይላል እንጂ «ሠራተኛዋ» ብሎ አያውቅም። ያን ፕሮግራም ከሚስቱ ከአሪየት ጋር ቤቱ ቁጭ ብሎ እያየው ነበር።

በነጋታው አገር ተቆጣ። ንግግሯ ተቆርጦ ከስልክ ስልክ ዞረ። ፖስተሯ ተቀደደ፣ የሐዋሳው ኮንሰርቷ ተሰረዘ። ታክሲ ውስጥ ዘፈኗ ሲከፈት «ዝጋልን» የሚል ተሳፋሪ በዛ። ቁጣው አይገባም ነበር? ይገባ ነበር። የሰውን መልክ መሳቂያ ማድረግ የፈጠረውን መሳደብ ነው፤ ይህን አላለዝብላችሁም።

ግን ቁጣው ምን እንደሠራ ስሙኝ። «ዘር ሰደበች» ብሎ የተነሣው ሰው የእሷን ዘር መሳደብ ጀመረ። አባቷ ከየት እንደመጡ፣ አያቷ ምን እንደነበሩ ተቆጠረ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ስለ ኦቻን ሲጮህ የኦቻንን በር ያንኳኳ አልነበረም። አንድ ጎረቤቱ ብቻ መንገድ ላይ አግኝቶት «ልክ ልኳን ነገርንልህ» አለው። ኦቻንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አለፈ። ያ ጎረቤት ስሙን አያውቀውም፤ ለዓመታት ሲጠራው የኖረው «ጥቁሩ» እያለ ነው።

ኦቻን የሚጠብቀው ግን ሕዝቡን አልነበረም። እሷን ነበር። አሪየት «የታለች እህትህ?» ስትለው «አፍራ ነው፤ ትመጣለች» ይላታል። መጥታ እንዳታጣው ብሎ እሑድ እሑድ ከቤት መውጣት ተወ። አያችሁ? የተሰደበው ሰው ለሰደበችው ሴት ይጨነቅላት ነበር።

እሷስ መሄድ አልፈለገችም? ፈልጋ ነበር። አንድ ቀን ለብሳ ተነሥታ ነበር። ግን መካሪ አይጠፋም። «እሱ ቤት ብትሄጂ ማን ያይልሻል?» አሏት። «የተቀየመሽ ሕዝብ ነው፤ ይቅርታ የምትጠይቂውም ሕዝብን ነው።» ሰማቻቸው።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ሰው ፊት ይወድቃል። ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያወርድለትም ያው የተበደለው ሰው ነው። ይህን የማያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። እሷም ተሸከመች። እዚያው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሄዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ካሜራው ፊት ተንበረከከች። አለቀሰች። እንባዋ የውሸት ነበር አልልም። ግን ድንጋዩን ማን አወረደላት? አዘጋጁ። እንባውን እስኪጠርግ የሳቀው ሰውዬ ተነሥቶ አወረደላትና «ሕዝቡ ይቅር ብሎሻል» አላት። አዳራሹም አጨበጨበ።

ይህን ቤታቸው ሆነው ሲያዩ አሪየት ወደ ባሏ ዞረች።

«ጠርተውህ ነበር?»

«አልጠሩኝም።»

«ታዲያ ይቅር ያላት ማን ነው?»

ኦቻን ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በሚቀጥለው እሑድ ልብሱን ለብሶ ከቤት ወጣ። ይህን ኋላ የነገረችኝ አሪየት ራሷ ናት።

ከዚያ ነገሩ በረደ። ዘፈኖቿ ታክሲው ውስጥ ተመለሱ፣ የጮኸውም ሰው ሌላ የሚጮህበት አገኘ። ሥራ አስኪያጇ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለኦቻን ደውሎ «ሐሙስ ልምምድ አለ» አለው። ኦቻንም ጋራዥ ገብቶ መኪና እየቀባ እንደሆነ፣ ወደ ሙዚቃው እንደማይመለስ ነገረው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? እሷ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም እኔን ጨመሩና ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ወራት አልፈው ነበር።

ኦቻን በሩ ላይ ተቀበለን። ልትንበረከክ ስትል ጉልበቷ መሬት ሳይነካ ክንዷን ያዛት። «ተይ እህቴ፣ ተነሺ» አላት። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ።» አሪየት ምግብ አቀረበች፤ አብረን በላን። እኔማ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ግን ዘፋኟ «እንግዲህ መቼ ነው የምትመለስልኝ?» አለችው።

«አልመለስም።»

«ይቅር ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«ብዬሻለሁ። ቂም የለኝም። ግን ድራም የሚመታ ሰው መድረክ ላይ የሚያየው የዘፋኙን ጀርባ ነው። ትከሻሽ ከፍ ሲል እገባለሁ፣ አንገትሽን ስትደፊ አቆማለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባሽን አምኜ ነው የመታሁት። አሁን ጀርባሽን ሳስብ ከፊት ሆነሽ ስትስቂ ይታየኛል። እጄ እምቢ አለኝ።»

ቆይታ «በዚያው ሳምንት መጥቼ ቢሆንስ?» አለችው።

«በዚያው ሳምንት ብትመጪ አሪየት ትቆጣሽ ነበር። እኔም እቆጣሽ ነበር። ከዚያ አልቅሰን አልቅሰን ቅዳሜ አብረን ሥራ እንሄድ ነበር።»

ያን ጊዜ ያለቀሰችው ለቅሶ በቴሌቪዥን እንዳለቀሰችው አልነበረም፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ኦቻን እስከ መኪናዋ ሸኝቶ በሩን ከፈተላት። ዛሬ ድራም የሚመታላት ሌላ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው ይላሉ። እኔ ግን እነዚያን ሁለት ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሊተርፍ ይችል የነበረ ወንድምነት ነበርና።

ምእመናን፣ እናንተ ዘፋኝ አይደላችሁም። ቴሌቪዥን ላይ የሚያቀርባችሁ የለም፤ ተመስገን በሉ። ቤታችን የምንናገረው ቢቀረጽ ኖሮ ከመካከላችን ፎቶው የማይቀደድ ማን ነበር? አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ የሕፃኑን ጆሮ አገላብጣችሁ «ይጠቁር ይሆን?» ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም? ልጃችሁ ጠቆር ያለ ሰው ወደደች ሲባል «አጥንቱ ይጠና» ያላችሁስ? ስለ ኦቻን ስልካችሁ ላይ የጮኻችሁ ሰዎች፣ ኦቻን ለጋብቻ ሽማግሌ ቢልክባችሁ በሩን ትከፍቱ ነበር?

የተናገራችሁበት ሰው አለ። አጠገባችሁ ይሠራል፣ ግቢያችሁ ውስጥ ይከራያል፣ ምናልባትም ከእናንተ ጋር ያስቀድሳል። ሰምቷችኋል። ሰምቶ ዝም ብሏል። እናንተም «ዝም ካለ አልሰማም፤ ከሰማም ረስቶታል» ብላችሁ እዚህ መጥታችሁ «አቤቱ ይቅር በለን» ትላላችሁ። መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የመጣ ሰው አስቀድሞ የት ሂድ እንደተባለ ግን ታውቁታላችሁ።

ይቅርታው ይረፍዳል ብዬ አይደለም የምፈራላችሁ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው በዓመቱም ብትሄዱበት ይቅር ይላችኋል፤ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛችኋል። የምፈራላችሁ ይቅር ተብላችሁ ስትወጡ ወንድማችሁ ከእናንተ ተለይቶ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ሂዱ፤ ምንም ሳትይዙ፣ ማንም ሳያያችሁ ሂዱ። እግዚአብሔር እግራችሁን ያፍጥንላችሁ። አሜን።